ሁለት ዲግሪ የዞረው አክሪሊክ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላብ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ያለበት ክፍል አለን፤ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር ነው የተከማቸው። ባለፈው ሳምንት በአንድ ላፕቶፕና በስልኬ ዳታ 54 ተማሪዎቼን የርቀት ላብራቶሪ አስገባኋቸው። ውጭ አገር ያለ ሌዘር ግማሽ ክብ አክሪሊክ (ግልጽ ፕላስቲክ) ላይ ያርፋል፤ አንግሉን የምንቀይረው እኛ ነን። ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ 1.49 መምጣት ነበረበት። ከዘጠኙ ቡድን አራቱ 1.58፣ ሦስቱ 1.41፣ አንዱ 0.43፣ አንዱ ደግሞ ኔጋቲቭ 13.8 አመጡ! ልጆቹ ‹ቲቸር፣ ይሄ ቪዲዮ ነው፣ ሸውደውናል› አሉ። ሲሙሌሽን ላይ ስንሠራ የመስታወት 1.50 ድፍን ብሎ ነበር የሚወጣው። ወደ ሲሙሌሽኑ ልመለስ ወይስ ጥፋቱ የኛ ነው? ሁለት ስክሪንሹት አያይዤያለሁ።»

ሰላም መምህር፣

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወደ ሲሙሌሽኑ አይመለሱ። ልጆቹን ማንም አልሸወዳቸውም። 1.58 እና 1.41 ያመጡት ሰባቱም ቡድኖች በደንብ ነው ያነበቡት። የተበላሸው እዚያ ማዶ ዲግሪ በተሰመረበት ዲስክ ላይ ያለው አክሪሊክ ነው። ሁለት ዲግሪ ያህል ዞሯል። ይህን ያወቅኩት ደግሞ ከእናንተው ቁጥር ነው።

ረጅሙን መልስ ቡና ይዘው ያንብቡት።

ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ ብርሃን አንድ ቁስ ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚናገር ቁጥር ነው፤ የሚገኘውም የገባበትን አንግል ሳይን ለተሰበረበት አንግል ሳይን በማካፈል ነው። ቀላሎቹን እንገላገላቸው። ኔጋቲቭ 13.8 ያመጣው ቡድን ካልኩሌተሩ ራዲያን (ሌላ የአንግል መለኪያ) ላይ ነበር። የስልክ ካልኩሌተር ጥጉ ላይ በደቃቅ ፊደል ራዲያን ወይም ዲግሪ መሆኑን ይጽፋል፤ ማንም አያየውም። የገባበትን 20ን እና የተሰበረበትን 12.5ን በራዲያን ሳይን ካወጣችሁ 0.913 እና ኔጋቲቭ 0.066 ይመጣል። ሲካፈሉ ኔጋቲቭ 13.8። ስለዚህ የቡድኑ ንባብ ምንም አልሆነም። ዲግሪ ላይ አድርገው ይድገሙት፤ 1.58 ይወጣላቸዋል። አይቆጧቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይሠሩታል። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ያውም ፈተና ላይ።

0.43 ያመጣው ቡድን አንግሉን ከኖርማሉ (ለገጹ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር) ሳይሆን ከአክሪሊኩ ገጽ ላይ ተነስቶ ነው የለካው። ሳይን 20ን ለሳይን 52.5 ያካፍሉ፣ 0.43 ነው። 52.5 ከየት መጣ ካሉ፣ ከኖርማሉ ሲቆጠር 37.5 የሆነው ጨረር ነው። ለዚህ ቡድን ግን «ተሳስታችኋል» ከማለት አንድ ጥያቄ ይስጧቸው፦ «ቁጥራችሁ ከ1 ካነሰ ብርሃን የት ውስጥ ነው የፈጠነው?» በእነሱ ስሌት ብርሃን ከአየር ይልቅ ፕላስቲክ ውስጥ ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኗል። ይህን ራሳቸው ሲሉት ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ኖርማሉን አይረሱትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ሁለቱን ስክሪንሹት ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በመጀመሪያው ላይ ቀዩ ሌዘር ከዲስኩ ዜሮ በስተቀኝ 20 ላይ ይገባል። የተሰበረው ጨረር ከማዶ 12.5 ላይ ይወጣል። በሁለተኛው ላይ ሌዘሩ በስተግራ 20 ላይ ነው፤ የተሰበረው 14 ላይ ይወጣል። ሳይን 20 ለሳይን 12.5፣ 1.58። ሳይን 20 ለሳይን 14፣ 1.41። ቁልጭ ብለው የእናንተ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 1.58 ያመጡት ሁሉ በቀኝ፣ 1.41 ያመጡት ሁሉ በግራ ሠርተዋል ብዬ እወራረዳለሁ። ደብተራቸውን ይዩልኝ።

ብርሃን ቀኝና ግራ አይለይም። አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ አንድ ዓይነት አየር፣ አንድ ሌዘር። በቀኝ 20 ብሎ የገባና በግራ 20 ብሎ የገባ እኩል መሰበር አለባቸው። እኩል ካልተሰበሩ ዜሮ ያልነው ቦታ ዜሮ አይደለም ማለት ነው።

ዲስኩን በዓይነ ሕሊናዎ ያምጡት። ግማሽ ክቡ ሲቀመጥ ጠፍጣፋ ገጹ ከ90 እስከ 90 በተሰመረው መስመር ላይ ልክ መግጠም አለበት። ያስቀመጠው ሰው እጁ ትንሽ ከዞረ ወይም ሙጫው ሳይደርቅ ከተንሸራተተ፣ የዲስኩ ዜሮና የአክሪሊኩ ኖርማል ይለያያሉ። ሁለት ዲግሪ ተለያዩ እንበል። ያን ጊዜ በቀኝ 20 ብላችሁ ያነበባችሁት በእውነቱ 22 ነው። በግራ 20 ያላችሁት 18 ነው። 22 የገባው ጨረር ኢንዴክሱ 1.49 በሆነ አክሪሊክ ውስጥ 14.6 ይሆናል፤ ዲስኩ ግን ሁለቱን ቀንሶ 12.6 ያሳያችኋል። 18 የገባው 12 ይሆናል፤ ዲስኩ ሁለት ጨምሮ 14 ይላችኋል። የዲስኩ ጭረት በግማሽ ዲግሪ ስለሆነ 12.6 የሚነበበው 12.5 ተብሎ ነው። ገጠመ አይደል?

አሁን የቀኙንና የግራውን ንባብ ደምረው ለሁለት ያካፍሉ። 12.5 እና 14፣ አማካዩ 13.25። ሳይን 20ን ለሳይን 13.25 ያካፍሉ።

1.49።

የቀኙ ጉድለት የግራውን ትርፍ አጣፋው። አንዱ ቡድን ብቻውን መልሱን ሊያገኘው አይችልም ነበር። 1.58 ያለው 1.41 ካለው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ ነው የሚወጣው። እኔ ብሆን ለልጆቹ ይህን ቀድሜ አልነግራቸውም። ሁለቱን ቡድን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ «ማን ነው ልክ?» ብዬ እወጣለሁ። ይጨቃጨቁ። አንዷ «እናንተ በየት በኩል ነው የሠራችሁት?» ብላ እስክትጠይቅ መጠበቅ ነው። (1.58 እና 1.41 ራሳቸው ቢደመሩም ለሁለት ሲካፈሉ 1.49 ከምናምን ይመጣል። ግን አንግሉን ነው ማማከል ያለባችሁ፤ የተሳሳተው እሱ ነውና።)

በ10 ዲግሪ ከሞከራችሁት ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ስሌቱ የሚለው በቀኝ 6፣ በግራ 7.5 ገደማ ታነባላችሁ ነው። ያ 1.66 እና 1.33 ይሰጣል። 1.33 የውሃ ነው! አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ውስጡ ውሃ ነው» ቢል አይፍረዱበት። በ60 ሲሆን ግን 1.53 እና 1.46 አካባቢ ይሆናል፣ ይቀራረባል። ስህተቱ ያው ሁለት ዲግሪ ነው። ሁለት ከ10 ላይ ሲነሳ ብዙ ነው፤ ከ60 ላይ ሲነሳ ግን ያን ያህል አይጎዳም። ሳይኖቹን ግራፍ ላይ ቢያስቀምጧቸው መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ግን በዜሮ አያልፍም። «መስመሩ ለምን ዜሮን ሳተ?» ለጎበዞቹ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

እዚህ ድረስ ግምት ነው ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነዎት። ሁለት ዲግሪ ብዬ የጀመርኩት ቁጥሩ እንዲገጥምልኝ ነው። ስለዚህ ሌላ ምስክር ፈለግኩ። የመጀመሪያውን ስክሪንሹት አጎላሁት። ከጠፍጣፋው ገጽ ላይ ተመልሶ የሚሄድ ደብዛዛ ጨረር አለ፤ ስክሪኑን ትንሽ ካላደመቁት አይታይም። አክሪሊክ ፊት ለፊት ከሚመጣበት ብርሃን የሚመልሰው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሆነ ነው። የነጸብራቅ ሕግ በ20 የገባ በ20 ይመለሳል ይላል። ይሄኛው ግን የሚመለሰው 24 ላይ ነው!

አያችሁት? የአክሪሊኩ ኖርማል ከዲስኩ ዜሮ በሁለት ዲግሪ ፈንጠር ብሏል። ጨረሩ ከእውነተኛው ኖርማል 22 ርቆ ገባ፣ 22 ርቆ ተመለሰ። ሁለት ሲጨመርበት ዲስኩ ላይ 24። ነጸብራቅ ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ለዚህ ነው ደብዛዛ ቢሆንም የምወደው።

ሁለተኛውን ስክሪንሹት ሆን ብዬ አላጎላሁትም። እሱን ልጆቹ ያንብቡት። የእኔ ትንበያ 16 ነው። 16 አካባቢ ካልሆነ ይጻፉልኝ፤ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ላቡ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ማዞር የሚፈቅድ ከሆነ ሌዘሩ በክቡ ጎን እንዲገባ አድርጉት። በክቡ በኩል ወደ መሐል የሚመጣ ጨረር ሳይታጠፍ ይገባል፤ የሚታጠፈው በጠፍጣፋው ገጽ ሲወጣ ነው። አንግሉን ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ የሚወጣው ጨረር ወደ ገጹ ይጠጋል፣ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ብርሃኑ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ይህ ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ነው። የጠፋበት አንግል ለአክሪሊክ 42 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በእናንተ ዲስክ ግን በአንዱ በኩል 40፣ በሌላው 44 ላይ ይጠፋል። አማካዩ 42፣ 1 ለሳይን 42 ሲካፈል እንደገና 1.49። ይህኛው መለኪያ አንድ አንግል ብቻ ነው የሚፈልገው። ለሰነፍ ቡድን ይመቻል፣ ለእኔም።

ቪዲዮ ነው ወይ ስላሉት ልጆች። ጥርጣሬያቸው የሚያስቆጣ አይደለም፣ ጤነኛ ነው። በርቀት ላብ ስም ሦስት ዓይነት ነገር ይሸጣል። አንደኛው ሲሙሌሽን ነው፤ ሌዘርም አክሪሊክም የለም፣ ኮምፒውተሩ ቀመሩን እያሰላ ሥዕል ይስላል። ሁለተኛው በቅድሚያ የተቀረጸ እውነተኛ ሙከራ ነው። አንድ ሰው ዲስኩን ከ0 እስከ 80 እያዞረ እያንዳንዱን ፎቶ አንስቶ አስቀምጦታል፤ እናንተ 20 ስትሉ የ20ው ፎቶ ይመጣል። ሦስተኛው አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ሕይወት ያለው ዕቃ ነው፤ ወረፋ አለው፣ ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ጊዜያችሁ ሲያልቅ ያስወጣችኋል። ከስፔኑ ዴውስቶ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ላብስላንድ ቀጥታ የሚንቀሳቀሱም ተቀርጸው የተቀመጡም ላቦች አሉት። በአፍሪካም ነገሩ አዲስ አይደለም። የማካሬሬ፣ የዳሬሰላምና የናይጄሪያው ኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲዎች ከአሜሪካው ኤምአይቲ ጋር አይላብ በተባለ ፕሮጀክት ሥር የርቀት ላብ ሠርተዋል።

የትኛው ውስጥ እንዳላችሁ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩት። 20 ላይ ያድርጉ፣ ወደ 50 ይሂዱ፣ እንደገና ወደ 20 ይመለሱ። ምስሉ ቅንጣት ታህል ካልተለወጠና ቀለሙ እንደ ካርቱን ንጹህ ከሆነ ሲሙሌሽን ነው። አቧራ፣ ጭረት፣ የጣት አሻራ ካለ ግን እውነተኛ ዕቃ ነው። ሁለቴ ስትመለሱ የሌዘሩ ቀይ ነጥብ አቧራው ላይ የሚያብለጨልጭበት መንገድ አንድ ዓይነት ከሆነ ፎቶ ነው። ትንሽ ከተለየ፣ ጨረሩ ግማሽ ጭረት ወዲህ ወዲያ ካለ፣ ሞተር እየዞረ ነው። በስክሪንሹቶቻችሁ ላይ ከአክሪሊኩ ጥግ አጠገብ አንዲት ነጭ የአቧራ ቅንጣት አይቻለሁ። እሷን ይከታተሏት።

የተቀረጸ ቢሆንስ? ምንም ችግር የለውም። ዳታ ይቆጥባል፣ ወረፋም የለውም። ቁጥሩ ግን ከተፈጥሮ የመጣ ነው። ሁለት ዲግሪዋም የዚያኑ ያህል እውነት ናት።

ሲሙሌሽኑን ደግሞ ጨርሰው አይጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት የተባለ የሲሙሌሽን ስብስብ ጥሩ ነው። ዳውንሎድ ከተደረገ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የብርሃን ስብረቱ ሲሙሌሽን ውስጥ ምንነታቸው ያልተነገረ ሁለት ቁሶች አሉ፤ ልጆቹ ኢንዴክሳቸውን ለክተው እንዲያውቁ ነው የተቀመጡት። ለመግቢያ እሱን ይጠቀሙ። ግን እዚያ የመስታወት 1.50 ድፍን ብሎ የሚወጣው አንድ ሰው 1.50 ብሎ ስለጻፈበት ነው። ያንኑ የጻፈውን መልሶ ይነግራችኋል። ስለ መስታወት የምትማሩት አዲስ ነገር የለም።

ድፍን ቁጥር ሳይ ሁልጊዜ የጥንቱ ሊቅ ቶለሚ ትዝ ይለኛል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ ከአየር ወደ ውሃ የሚገባ ብርሃን እንዴት እንደሚሰበር ሠንጠረዥ ሠራ። 10 ሲገባ 8፣ 20 ሲገባ 15.5፣ 30 ሲገባ 22.5፣ 40 ሲገባ 29፣ እንዲህ እያለ እስከ 80። ልዩነታቸውን ተመልከቱ። 7.5፣ 7፣ 6.5፣ እያንዳንዱ በግማሽ ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንድም ቦታ ሳይዛነፍ። ተፈጥሮ እንዲህ አታምርም። 80 ሲገባ 50 ብሏል፤ እውነተኛው 48 ገደማ ነው። መለኪያውን በውብ ሕግ አስተካክሎታል ማለት ነው። ትክክለኛው የሳይን ሕግ እ.ኤ.አ. በ984 ባግዳድ ላይ በኢብን ሳህል ተጽፏል። አውሮፓ ውስጥ ስኔል በ1621 ደረሰበት፣ ዴካርት በ1637 አሳተመው። ከ1ሺህ ዓመት በላይ ሰው ያን ያማረ ሠንጠረዥ ይዞ ተቀመጠ።

እኔስ? የዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት ላይ ከላብ ጓደኛዬ ጋር የመስታወት 1.58 አመጣን። ሰዓቱ ደርሷል፣ ካፌ ሊዘጋ ነው። ዳታውን «ኩክ» አደረግነው። ከ1.50 ተነስተን ወደ ኋላ አንግሎቹን ሠራንና ጻፍን። አሥር ከአሥር ተሰጠን። እስከ ዛሬ ድረስ ያ መስታወት ዞሮ ነበር ወይስ እኛ ነን ያጣመምነው፣ አላውቅም። ቁጥሩን አጥፍተነዋላ። ልጆችዎ 1.58 ብለው ደፍረው መጻፋቸውን ይያዙልኝ። ማርክ የሚሰጡ ከሆነ «ለምን 1.49 አልሆነም» ለሚለው ይስጡ እንጂ ለ1.49 ብቻ አይስጡ። አለበለዚያ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሁሉም 1.49 ያመጣል፣ ማንም ሳይለካ።

አሁን ስለ አሠራሩ። 54 ልጅ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የስልክ ዳታ፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ቀጥታ ምስል ዳታ ይበላል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ብቻዎን ይግቡና በቀኝ ከ10 እስከ 60፣ በግራ ከ10 እስከ 60፣ በአሥር በአሥሩ 12 ስክሪንሹት ያንሱ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ያስወጧቸው። መብራት ጠፋም አልጠፋም ክፍለ ጊዜው አይባክንም። ሙሉ በሙሉ ግን በወረቀት አይተኩት። ለእያንዳንዱ ቡድን አንዴም ቢሆን ቀጥታ የመጫን ዕድል ይስጡ። ከመጫናቸው በፊት ደግሞ ጨረሩ የት እንደሚወጣ በወረቀት ይጻፉ። ሳይጽፉ ማንም አይነካም። ይህችን ሕግ ካላላሏት ክፍሉ ዝም ብሎ ሲያይ ያዩታል። እንዲያውም ዲስኩ እየዞረ ሳለ አርባ ልጅ ትንፋሹን ይይዛል።

ፕሮጀክተር ካላችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ዲስኩ እንቁላል ከመሰለ፣ ግድግዳው ላይ በፕሮትራክተር አትለኩ። 4 ለ3 የነበረ ምስል 16 ለ9 ስክሪን ሲሞላ 20 ዲግሪ የነበረው 26 ይሆናል። ሁልጊዜ ማንበብ ያለባችሁ ዲስኩ ላይ የታተመውን ቁጥር ነው፤ ምስሉ ቢለጠጥም ቁጥሩ አብሮ ይለጠጣል። ካሜራው ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነም ያው ነው።

ልጆቹ በእጃቸው የሚነኩት ነገርም ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ጣሳ ይበቃል። አንድ ብር ሳንቲም ጣሳ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሳንቲሙ በጠርዙ እስኪሸፈን ልጁ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ይቁም። ሌላው ልጅ ውሃ ይጨምር። ሳንቲሙ ብቅ ይላል። ከላይ ሆነው ሲያዩ ደግሞ 8 ሳንቲ ሜትር ውሃ 6 መስሎ ይታያል፤ 8 ለ1.33 ሲካፈል 6 ነዋ። ቁጥር ከፈለጉ በድሮው የአራት ስፒል ዘዴ፣ ግልጽ በሆነ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሞልተው ይሥሩት። እግረ መንገድዎን ኪሊንጦ ያለውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል ጎራ ብለው ግማሽ ክብ አክሪሊክ ይጠይቁ። ጎረቤታችሁ ነው፤ ቢበዛ የለንም ይሏችኋል። የገበያ ሌዘር ግን በ54 ልጅ መሐል አላበረታታም። ጉልበቱን በላዩ ላይ የሚጽፉት ሁሉ እውነት አይደለም፣ ዓይን ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር። ፊዚክስን በእንግሊዝኛ አስተምረን በአማርኛ ስናስረዳ «ብርሃን ይሰበራል» እንላለን። ልጆቹ እንደ ዱላ ቀጭ የሚል ነገር ይመስላቸዋል። ቀጥ ብሎ በኖርማሉ ላይ የሚገባ ጨረርም ይዘገያል፤ የማይታየው ስለማይታጠፍ ብቻ ነው። ዋናው መዘግየቱ ነው። «ጥቅጥቅ ያለ» የሚለውም ያሳስታል። የምግብ ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ግን ኢንዴክሱ 1.47 አካባቢ ነው፣ ከውሃ የበለጠ ያዘገያል።

መዘግየት ካልን፣ ልጆቹ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ዲስኩ እስኪዞር ያለችው ትንሽ ጊዜ ውስጥም ይኸው ትምህርት አለ። ትእዛዛቸው ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ የሚሄደው አብዛኛውን መንገድ በፋይበር ነው። ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በቀይ ባሕር ሥር። ፋይበሩ ውስጥ ብርሃን የሚቆየው በዚያው ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ነው፤ ኢንዴክሱም ከአክሪሊኩ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በሴኮንድ 300,000 መሆኑ ቀርቶ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ላቡ ስፔን ነው ብንል፣ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ 5,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደርሶ መልስ ቢያንስ 55 ሚሊሴኮንድ። በእርግጥ ገመዱ ዞሮ ዞሮ ነው የሚሄደው፣ በመንገድ ላይም መሣሪያዎች አሉ፤ የምታዩት ከዚያ ይበዛል። ከሁሉም የሚበልጠው መዘግየት ደግሞ የሞተሩ ነው። ቢሆንም ልጆቹ ስብረትን ለመለካት በስብረት ላይ ተሳፍረው ነው የሄዱት።

የመጨረሻው ሥራ ለልጆቹ ነው። ለላቡ ባለቤቶች ደብዳቤ ይጻፉ። ፊዚክሱን በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፣ ደብዳቤውንም በእንግሊዝኛ ይሞክሩት፤ አምስት መስመር ይበቃል። አክሪሊካችሁ ሁለት ዲግሪ ዞሯል፣ በቀኝ 12.5 በግራ 14 አነበብን፣ የተመለሰው ጨረር 24 እና 16 ላይ ነው፣ ስክሪንሹቱ ይኸው። 16ቱን ካረጋገጡ በኋላ ማለቴ ነው።

ብቻ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት የሌሎቹን ሴክሽኖች ልጆች ቶሎ ያስገቧቸው። ከተስተካከለ በኋላ ሁሉም 1.49 ነው የሚያመጣው።